ማልደን 991፦ ሠራዊቱን ያስፈታው መሻገሪያውን የለቀቀው ሽማግሌ ነው ወይስ ፈረሱን ይዞ የሸሸው?

ስለ ማልደን ውጊያ የሚያወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፣ የእንግሊዞቹ ሽማግሌ አዛዥ ጠላቶቹ፣ ማለትም ከሰሜን በመርከብ እየመጡ የሚዘርፉት ቫይኪንጎች፣ ጠባብ መሻገሪያ ላይ ታንቀው ሳለ "በሉ ኑ ተሻገሩ" ብሎ ለቀቀላቸውና አለቁ፣ ትዕቢት ገደለው ይባላል። እኔ ይሄን ፍርድ እንዳለ አልቀበለውም። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጭ ብሎ ላየው ሰው፣ ሽማግሌው መሻገሪያውን ሲለቅ በቂ ምክንያት ነበረው፣ ሠራዊቱ የፈረሰው በሌላ ሰዓት በሌላ ሰው ጥፋት ነው፣ አገሪቷን ደሞ ለ25 ዓመት ያደማት ሜዳው ላይ ያልነበሩ ሰዎች የወሰኑት ውሳኔ ነው። እስቲ በየተራ እንየው።

ጊዜው 991 ነው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ እታች ያለው ዓመትም ወርም ሁሉ እንደዛ ነው። እንግሊዝ ያኔ ሀብታም አገር ነበረች፣ የብር ሳንቲሟ በደንብ የተመታ፣ ከተሞቿ ገበያ ያላቸው፣ ገዳሞቿ ንብረት የሞላቸው። ንጉሥ ኤድጋር ከ959 እስከ 975 ሲገዛ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። እሱ ሲሞት ግን መኳንንቱ የትኛው ልጁ ይንገሥ በሚል ሁለት ቦታ ተከፈሉ፣ የነገሠው ትልቁ ልጅ ኤድዋርድ በ978 ኮርፍ በሚባል ቦታ ተገደለ፣ ታናሹ ኤተልሬድ ገና በልጅነቱ ዙፋኑ ላይ ወጣ። በወንድም ደም የጀመረ ንግሥና ምን ያህል መተማመን እንደሚኖረው መቼም ግልጽ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በ980 ሳውዛምፕተን ተዘረፈች፣ ያውም በ7 መርከብ ብቻ፣ እና እንግሊዝ ውስጥ በሩ ክፍት ነው የሚለው ወሬ ሰሜን ድረስ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

991 ላይ የመጣው ግን የ7 መርከብ ጉዳይ አልነበረም። ከአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል ቅጂዎች አንዱ 93 መርከብ ይላል፣ መሪያቸውንም ኦላፍ ይለዋል፣ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይሄ በኋላ የኖርዌይ ንጉሥ የሆነው ኦላፍ ትሪግቫሰን ነው ብለው ያስባሉ። ፎክስተን፣ ሳንድዊች፣ ኢፕስዊች፣ ከዛ ማልደን። ካርታ ላይ ብታዩት ከኬንት ተነስተው ዳርቻውን ይዘው ወደ ሰሜን ወጡ፣ ኢፕስዊችን ዘረፉ፣ ከዛ ወደ ደቡብ ታጥፈው ማልደን ወዳለችበት አውራጃ ወደ ኤሴክስ ገቡ። ማልደን ዝም ብላ የአሳ አጥማጅ መንደር አልነበረችም፣ በ916 ሽማግሌው የሚባለው ሌላ የድሮ ንጉሥ ኤድዋርድ ያጠረው ምሽግ ያላት፣ በማግስቱ ዓመት የዴንማርክ ቫይኪንጎች ከበዋት ሳይሆንላቸው የተመለሱባት፣ ሳንቲም የሚመታባት ከተማ ናት። ሳንቲም የሚመታበት ቦታ ብር አለ፣ እነሱም ይሄን ያውቃሉ።

የሚጠብቃት ሰው ቢርትኖት ይባላል። ማዕረጉ ኤልደርማን ነው፣ ያው እኛ ደጃዝማች እንደምንለው ዓይነት፣ ንጉሡን ወክሎ አውራጃ የሚገዛ፣ የሚዳኝ፣ ክተት ሲባል ሠራዊት ይዞ የሚወጣ። ከ956 ጀምሮ በዚህ ሹመት ላይ ነበር፣ ማለትም 35 ዓመት፣ በዚህ መሀል ስንት ንጉሥ አልፏል። ሚስቱ ኤልፍሌድ የድሮው የንጉሥ ኤድመንድ ሚስት እህት ናት፣ ስለዚ በጋብቻም የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ኤድጋር ሲሞት አንዳንድ መኳንንት የገዳማትን መሬት ሲቀሙ እሱ ከመነኮሳቱ ጎን ቆሞ ተከላክሏል፣ በተለይ የኢሊ ገዳም መነኮሳት እንደ አባት ነው የሚያዩት። በውጊያው ቀን ዕድሜው ስልሳን ሳያልፍ አይቀርም፣ ጸጉሩ ነጭ፣ ቁመቱ ደሞ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ረጅም። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ትዕቢተኛ ነበር ብሎ አንድ መስመር ከመጻፍ በፊት 35 ዓመት ሙሉ ዳር አገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ውጊያው የምናውቀው ከየት ነው? ዜና መዋዕሉ በጣም አጭር ነው፣ ኢፕስዊች ተዘረፈች፣ ብዙም ሳይቆይ ቢርትኖት ማልደን ላይ ተገደለ፣ በዚያው ዓመት ለዴንማርኮቹ ገንዘብ ይከፈል ተባለ፣ በቃ። ዝርዝሩ ያለው በድሮው እንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ግጥም ላይ ነው። ከግጥሙ 325 መስመር ብቻ ነው የተረፈው፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም ጠፍቷል፣ ዋናው ብራና ደሞ በ1731 ለንደን ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ ጋየ። እኛ ጋ የደረሰው ከቃጠሎው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው በእጁ ስለገለበጠውና በ1726 ስለታተመ ነው፣ ያ ሰው ባይገለብጠው እታች ስለምናገኛቸው ስለ ጎድሪክም ስለ ዱነሬም ዛሬ አናወራም ነበር። ግጥም መሆኑን መርሳት የለብንም፣ ገጣሚው ለጀግኖቹ ንግግር ይሰጣል፣ ሲሞቱም ቅደም ተከተል ያስይዛቸዋል። ግን የሰዎቹ ስም፣ የአባቶቻቸው ስም፣ ማን ሸሸ ማን ቀረ የሚለው ዝርዝር በጣም የጠበቀ ስለሆነ ከሞቱት ሰዎች ቤተሰብ ብዙም ያልራቀ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለኝ።

ቦታው

ይሄ ክፍል ካልገባ ሌላው አይገባም። ማልደን ብላክዋተር የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር ሲገባ የሚሰፋበት አፍ ላይ ናት፣ ግጥሙ ወንዙን ፓንታ ይለዋል። ከከተማዋ ትንሽ ወረድ ብሎ ኖርዚ የምትባል ጠፍጣፋ ደሴት አለች፣ አብዛኛው ሰው ቫይኪንጎቹ የሰፈሩት እዛ ነው ብሎ ይስማማል። ደሴቷን ከመሬት ጋር የሚያገናኛት አንድ ጠባብ መሻገሪያ ነው፣ እሱም በቀን ሁለቴ የባሕሩ ሙላት ሲመጣ ውሃ ውስጥ ይሰወራል፣ ሲጎድል ጭቃ ለብሶ ይወጣል። ዛሬም እንደዛው ነው፣ ደሴቷን ለማየት የሚሄድ ሰው ሙላቱ የሚመጣበትን ሰዓት አይቶ ነው የሚሄደው።

አሁን ሁለቱን ሠራዊት አስቀምጧቸው። ደሴቷ ላይ መርከባቸውን ያቆሙ፣ ሥራቸው ውጊያ የሆነ ሰዎች። በዚህ በኩል ቢርትኖት፣ አብረውት ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፣ አንደኛው የቤቱ ጭፍሮች፣ በአዳራሹ የበሉ የጠጡ፣ ፈረስና ሰይፍ ከእጁ የተቀበሉ፣ ጌታቸው ቢሞት ከጎኑ እንሞታለን ብለው የማሉ ናቸው። ሁለተኛው ክተት ሲባል ከየቀዬው የወጣ የአገሬው ሰው ነው፣ አብዛኛው ጦርና ጋሻ ብቻ የያዘ። ወሩ ነሐሴ መግቢያ አካባቢ ነው፣ አዝመራው የደረሰበት ሰዓት። ገጣሚው ቢርትኖት ፈረሱ ላይ ሆኖ በሰልፉ መሀል እየዞረ እንዴት እንደሚቆሙ፣ ጋሻውን እንዴት ጠበቅ አርገው እንደሚይዙ፣ እንዳይፈሩ ሲያስተምራቸው ያሳየናል። እኔ እዚህ ጋ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም በውጊያው ቀን ጋሻ አያያዝ የሚነገረው ሠራዊት ሁሉም የለመደ ሠራዊት አይደለም። ሽማግሌው ይሄን ያውቃል። ፈረሶቹ ከሜዳው እንዲባረሩ አዘዘ፣ ማለትም መሸሻ የለም፣ ሁሉም በእግሩ። አንድ ወጣት እጁ ላይ የነበረውን የሚወደውን ጭልፊት ወደ ጫካው ለቆ ወደ ሰልፉ ሲገባም እናያለን። ከዛ ቢርትኖት ራሱ ወረደና በጣም በሚያምናቸው ሰዎቹ መሀል ቆመ።

ከማዶ መልእክተኛ ጮኸ። ወርቅ ስጡን፣ እኛም ሰላም ሰጥተናችሁ ወደ መርከባችን እንመለሳለን፣ ከምንጋደል በገንዘብ ብንጨርሰው ይሻላል ነው ነገሩ። ቢርትኖት ጋሻውን አንስቶ መለሰ፣ ይሄ ሕዝብ የሚሰጣችሁ ጦርና የቆየ ሰይፍ ነው፣ እዚህ የቆመው የኤተልሬድን አገር የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ያለ ውጊያ ብራችንን ይዛችሁ መርከብ ላይ ብትወጡ ውርደት ነው አላቸው። ይሄ መልስ ከፉከራ በላይ ነው። ገንዘብ መክፈል አንደኛው ኦፕሽን ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ነበር፣ እሱ ገና ከመጀመሪያው ውድቅ አደረገው።

ከዛ ሙላቱ መጣ፣ ማንም ማንንም መድረስ አልቻለም፣ በቀስት ካልሆነ በቀር ዝም ብሎ መተያየት። ባሕሩ ሲጎድል መሻገሪያው ወጣ፣ ቢርትኖት ሦስት ሰው መረጠ፣ የቼኦላ ልጅ ዉልፍስታን፣ ኤልፍሄሬ እና ማከስ። እነዚህ ሦስቱ አፉ ላይ ቆመው ያዙት። መጀመሪያ የረገጠውን ዉልፍስታን በጦር ጣለው። መሻገሪያው ጠባብ ስለሆነ የ93 መርከብ ሰው ቢኖርህም በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት የሚዋጋልህ ጥቂት ሰው ነው። ቫይኪንጎቹ ይሄ እንደማያዋጣ ገባቸው፣ እና እንድንሻገር ቦታ ስጡን ብለው ጠየቁ።

ውሳኔው

ገጣሚው እዚህ ጋ ፈርዷል፣ ከትዕቢቱ የተነሳ ለዛ ለተጠላ ሕዝብ ከመጠን በላይ መሬት ለቀቀ ይላል። እስከ ዛሬ ሰው ይሄንን መስመር ነው የሚደግመው። እኔ ግን ሽማግሌው ምን ምርጫ ነበረው ብዬ ነው የምጠይቀው።

መሻገሪያውን ይዞ ቢቆይ ምን ይሆናል? ቫይኪንጎቹ ታግተው የቀሩ ይመስላል፣ ግን አይደሉም፣ መርከብ አላቸው። ቀጣዩ ሙላት ሲመጣ ሸራቸውን ይዘረጋሉ፣ ከመሸ በሌላ የወንዝ አፍ ይገባሉ፣ የኤሴክስ ዳርቻ ደሞ ሁሉም በወንዝ አፍና በረግረግ የተበጣጠሰ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሠራዊት መርከብ አሯሩጦ አይደርስም። ኢፕስዊች ላይ የሆነውም ይሄው ነው፣ መጡ፣ ዘረፉ፣ ሄዱ፣ የሚገጥማቸው ሠራዊት ከመድረሱ በፊት። ቢርትኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላቱን አንድ ቦታ ላይ አግኝቶታል፣ ሠራዊቱ ተሰብስቧል፣ እህሉ ግን ማሳ ላይ ነው፣ ይሄ ገበሬ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጭቃ ዳር ቁም ቢባል አይቆምም፣ ስንቁም አይበቃም። ስለዚ ዛሬ ካልተዋጋ ነገ ሠራዊቱ ይበተናል፣ መርከቦቹ ግን እዛው ናቸው። የአውራጃ ገዥ ሥራ ደሞ አንድ መሻገሪያ መጠበቅ ሳይሆን አውራጃውን መጠበቅ ነው። እዚህ አሸነፍኩ ብሎ ቤቱ ገብቶ በሳምንቱ ሌላ ከተማ ተቃጠለች ቢባል ያ ማሸነፍ አይባልም።

ስለዚ እንዲሻገሩ መፍቀዱን በራሱ እብደት አልለውም። ሪስክ ነው፣ ግን የታሰበበት ሪስክ ነው። የምወቅሰው ሌላ ነገር ላይ ነው፣ ገጣሚውም ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት የሚለው መሬት ለቀቀ ሳይሆን ከመጠን በላይ ለቀቀ ነው። ሁሉም ተሻግረው፣ ተሰልፈው፣ ጋሻቸውን ገጥመው እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቃቸው። ከ300 ዓመት በኋላ በ1297 ስኮትላንዶቹ እነ ዊልያም ዋላስ ስተርሊንግ ድልድይ ላይ ምን አደረጉ፣ የእንግሊዝ ሠራዊት ግማሹ እስኪሻገር ጠብቀው ግማሹ ላይ ወረዱበት፣ ወዲያ ያለው ወዲህ መምጣት አቃተው፣ ጨረሱት። ቢርትኖት ይሄን ሊያደርግ ይችል ነበር። ያላደረገው ቃሉን ስለሰጠ ይመስለኛል፣ ተሻገሩ እኩል ሆነን እንዋጋ ካለ በኋላ መሀል ላይ መምታት ለሱ ዓይነት ሰው ነውር ነው። ክብሩ እዚህ ጋ ዋጋ አስከፍሎታል፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ውጊያው ገና አልተሸነፈም ነበር፣ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው።

ሁለቱ የጋሻ አጥሮች ተጋጠሙ፣ ቀስት በረረ፣ ጦር ተወረወረ፣ ከሁለቱም ወገን ወጣቶች ወደቁ። የቢርትኖት የእህቱ ልጅ ዉልፍሜር በሰይፍ ተቆራርጦ ሞተ፣ ኤድዋርድ የሚባል ጭፍራው የገደለውን ሰው እዛው ላይ ደሙን መለሰ። እንግሊዞቹ ቆመዋል። ቢርትኖትን ጦር ወጋው፣ በጋሻው መትቶ ዘንጉን ሰበረው፣ የወጋውንም ገደለው፣ ሌላም ገደለ፣ ከዛ ሳቀና ለዛ ቀን ሥራ ፈጣሪውን አመሰገነ። ሁለተኛ ጦር መጣ፣ ይሄኛው ዘልቆ ገባ። ከጎኑ የነበረ ገና ጎረምሳ የሆነ ልጅ፣ ሌላኛው ዉልፍሜር፣ የዉልፍስታን ልጅ፣ ጦሩን ከጌታው ሰውነት ነቅሎ ያንኑ ጦር መልሶ ወርውሮ የላከውን ሰው ጣለው። አንድ ታጣቂ ልብሱንና ጌጡን ሊገፈው ቀረበ፣ ሽማግሌው ሰይፉን መዘዘ፣ ግን ክንዱን መቱት፣ ወርቅ እጀታ ያለው ሰይፉ ከእጁ ወደቀ። ሰይፍ መያዝ አልቻለም፣ መቆምም አልቻለም፣ እንደዛም ሆኖ ልጆቹን አይዟችሁ እያለ ወደ ሰማይ አይቶ ጸለየ፣ ነፍሱን እንዲቀበልለት። እዛው ላይ ቆራረጡት፣ ከጎኑ የቆሙትን ኤልፍኖትንና ዉልፍሜርንም አብረው።

ሠራዊቱ የፈረሰበት ደቂቃ

የኦዳ ልጅ ጎድሪክ የሚባል ሰው ነበረ። ቢርትኖት ብዙ ፈረስ የሰጠው፣ ያሳደገው ሰው። ጌታው ሲወድቅ ያደረገው ነገር ዞሮ መሸሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ፈሪ ሸሸ ተብሎ ያልፍ ነበር። ግን የወጣው በማን ፈረስ ላይ ነው፣ በራሱ በቢርትኖት ፈረስ፣ ከነጌጡ ከነኮርቻው። ወንድሞቹ ጎድዊነና ጎድዊግ አብረውት ወደ ጫካው ሮጡ።

አሁን ራሳችሁን ሰልፉ ጫፍ ላይ የቆመ የኤሴክስ ገበሬ አድርጉ። ፊትህ ጋሻ፣ ጎንህ ጋሻ፣ ጩኸት፣ አቧራ፣ ሽማግሌው የት እንዳለ አታይም። የምታየው ጠዋት በሰልፉ መሀል ሲዞርበት የነበረውን፣ ሁሉም የሚያውቀውን ያንን ፈረስ ነው፣ እሱም ወደ ጫካ እየጋለበ ነው። ምን ትላለህ፣ ጌታው ጥሎን ሄደ ነው የምትለው። ኦፋ የሚባለው ጭፍራ በግጥሙ ውስጥ ይሄንኑ በግልጽ ይናገራል፣ ብዙ ሰው ጌታችን ነው የሸሸው ብሎ አሰበ፣ ስለዚህ ሰዉ ሜዳው ላይ ተበታተነ፣ የጋሻው አጥር ፈረሰ ይላል፣ ጎድሪክንም ይረግመዋል። ለኔ የዚህ ጉዳይ ማዕከሉ እዚህ ነው። መሻገሪያው ከተለቀቀ በኋላ ሰልፉ ተገጥሞ ቆሞ ነበር፣ አዛዡ ከሞተ በኋላም ሊቆም ይችል ነበር፣ የፈረሰው ሰዉ ጌታው ሸሸ ብሎ ስላመነ ነው።

እና ሽማግሌው እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው፣ አልሸፍንለትም። 35 ዓመት የመራ ሰው ፊት መስመር ላይ ቆመ፣ ይሄ በዘመኑ የሚጠበቅ ነው፣ ጌታ ከኋላ ሆኖ አያዝም። ግን እሱ ቢወድቅ ሠራዊቱን ማን ይይዛል የሚለው በግጥሙ ውስጥ የትም ቦታ የለም፣ ቅርብ ዘመዱም ከሱ በፊት ሞቷል፣ የሰዉ ዓይን ሁሉ ያለው አንድ ሰው ላይ ነው፣ ያ ሰው ሲጠፋ ምልክቱ ፈረሱ ሆነ። ኦፋ ቀደም ብሎ በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ፣ እዚህ በድፍረት የሚናገሩ ብዙዎች ሲጨንቃቸው አይቆሙም ብሎ ተናግሮ ነበር፣ ማለትም የሚያጠራጥሩ ሰዎች እንዳሉ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። በሚያጠራጥር ሰው አጠገብ ፈረስህን መተው ከመሻገሪያው በላይ ያስወቅሳል እላለሁ።

የቀሩት ግን የቀሩ ናቸው፣ እና ግጥሙ ከዚህ በኋላ ያለውን ጉልበቱን ሁሉ ለነሱ ነው የሰጠው፣ ትክክልም አደረገ። ኤልፍዊነ የሚባለው የመርሺያ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ መጀመሪያ ተናገረ፣ ጠጅ እየጠጣን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን የፎከርነውን አስታውሱ፣ አሁን ማን ደፋር እንደሆነ ይታያል፣ እሱ ዘመዴም ጌታዬም ነበር አለ። ሌዎፍሱኑ የስተርመር ሰው ነው፣ ጌታዬ ሞቶ ብቻዬን ቤቴ ገባሁ ብለው የስተርመር ሰዎች እንዲሰድቡኝ አልፈልግም፣ አንድ እግር ወደ ኋላ አልልም አለ። ከዛ ዱነሬ፣ እሱ መኳንንት አይደለም፣ ተራ ገበሬ ነው፣ ጦሩን ነቀነቀና ጌታውን ሊበቀል የሚፈልግ ሰው ለነፍሱ አይሳሳ አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። የመኳንንት ግጥም ውስጥ አንድ ገበሬ ስሙ ተጠርቶ ንግግር ሲሰጠው በጣም ብርቅ ነው፣ እኔ ሁሌ እዚህ መስመር ላይ ልቤ ይነካል። የኖርዘምብሪያው መያዣም አለ፣ አሽፈርት፣ ከሌላ አገር በመያዣነት የመጣ፣ የመሞት ግዴታ የሌለበት ሰው፣ ቀስቱን ይዞ እስከሚችለው ድረስ ሳያቋርጥ ወረወረ። ኦፋ ለጌታው አብረን ቤታችን እንገባለን ወይ አብረን እንሞታለን ብሎ በማለው መሠረት ከጌታው አጠገብ ወደቀ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ቢርትዎልድ ጋሻውን አንስቶ፣ ጉልበታችን ባነሰ ቁጥር ልባችን ይጠንክር፣ ድፍረታችን ይጨምር፣ እኔ አርጅቻለሁ ከዚህ አልሄድም፣ በምወደው ሰው አጠገብ ልተኛ ነው ሐሳቤ አለ። ከዛ ሌላ ጎድሪክ፣ የኤተልጋር ልጅ፣ ወደ ፊት እየገፋ ሲዋጋ እናያለን፣ ገጣሚው ይሄኛው ያ የሸሸው ጎድሪክ አይደለም ብሎ ሳይጠቅስ አላለፈም፣ እዛው ላይ ብራናው ይቆረጣል።

ቫይኪንጎቹ የቢርትኖትን ራስ ቆርጠው ይዘው ሄዱ። የኢሊ መነኮሳት አስከሬኑን ወስደው በራሱ ቦታ የሰም ኳስ አድርገው ቀበሩት፣ ሚስቱ ኤልፍሌድ እሱ የሠራቸው ሥራዎች የተሣሉበት መጋረጃ ለገዳሙ ሰጠች፣ መጋረጃው ዛሬ የለም። በ1769 ኢሊ ካቴድራል ውስጥ አጥንቱ ሲታይ እውነትም ራስ ቅል አልነበረውም፣ የለኩት ሰዎች ቁመቱን 6 ጫማ ከ9 ኢንች ገምተውታል። ግምቱ ይጋነን አይጋነን፣ ረጅም ነበር የሚለው ከድሮ ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

ገንዘቡ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር እንምጣ። በዘመኑ አካባቢ የተጻፈው የቅዱስ ኦስዋልድ ገድል ማልደን ላይ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው እንዳለቀ፣ ቫይኪንጎቹም መርከባቸውን የሚቀዝፍ ሰው እስኪያጡ ድረስ እንደተጎዱ ይናገራል። ይሄ እውነት ከሆነ፣ እኔም ለማመን አይከብደኝም፣ እነዛ የቀሩት ሰዎች ሕይወታቸውን በከንቱ አልሰጡም፣ ጠላት ቆስሎ፣ ሰው አጥሮት ባሕር ዳር ላይ ነበር። ሌላ ሠራዊት ተሰብስቦ ሁለተኛ የሚመታበት ሰዓት ቢኖር ያ ሰዓት ነበር። ንጉሡ ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው፣ አማካሪዎቹ ደሞ ሌላ ነገር መከሩት፣ ዜና መዋዕሉ በስም የሚጠራው የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስ ሲገሪክን ነው። ክፈሉ ተባለ። 10,000 ፓውንድ። ያኔ 1 ፓውንድ 240 የብር ሳንቲም ስለሆነ 2,400,000 ሳንቲም ማለት ነው፣ ያም ከገበሬው ከነጋዴው ከገዳሙ የተሰበሰበ። ቢርትኖት ወንዝ ዳር ቆሞ አንሰጥም ያለው ያንኑ ብር፣ እሱ በሞተበት ዓመት ሰጡ።

ደካማ ሰዓት ነበር፣ ሕዝቡ ፈርቶ ነበር፣ ጊዜ ለመግዛት ነው ብለው የሚከራከሩላቸው አሉ፣ ከዛ በፊትም ታላቁ አልፍሬድ ራሱ ለቫይኪንጎች ከፍሎ ያውቃል። ልዩነቱ አልፍሬድ የገዛውን ጊዜ ምሽግ ሠራበት፣ ሠራዊቱን በፈረቃ አደራጀበት፣ መርከብ ሠራበት። የኤተልሬድ መማክርት በገዙት ጊዜ ምን ሠሩ? በ994 ኦላፍ ከዴንማርኩ ንጉሥ ስዌን ጋር ሆኖ በ94 መርከብ ለንደንን ለመያዝ መጣ፣ 16,000 ፓውንድ ተከፈለው። እዚህ ላይ ለኤተልሬድ ፍትሐዊ ልሁን፣ ኦላፍን አንዶቨር ላይ ጠርቶ የክርስትና አባት ሆነው፣ ኦላፍም ዳግመኛ በጠላትነት አልመጣም አለ፣ ቃሉንም ጠበቀ፣ ወደ ኖርዌይ ሄዶ ነገሠ። ያ ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ስዌን ቀረ፣ እና ብር እንደሚከፈል ስካንዲኔቪያ ውስጥ ሁሉም ሰምቷል፣ የኤተልሬድ ሳንቲሞች ዛሬም እዛ አፈር ውስጥ በአሥር ሺዎች ተቆፍረው ይገኛሉ። በ1002 ክፍያው 24,000 ሆነ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 13 ቀን ንጉሡ እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ዴንማርኮች እንዲገደሉ አዘዘ፣ ይሄ ደሞ ቂም ጨመረ እንጂ ማንንም አላዳነም። በ1012 48,000 ደረሰ፣ በ1013 ስዌን አገሪቷን ያዘ፣ ኤተልሬድ ተሰደደ።

ስዌን ሲሞት ኤተልሬድ ተመለሰ፣ በ1016 እሱም ሞተ፣ ልጁ ኤድመንድ የስዌንን ልጅ ክኑትን በዚያው ዓመት ደጋግሞ ገጠመው። ጥቅምት 18 ቀን አሳንዱን በሚባል ቦታ ተገናኙ፣ ቦታው የቱ እንደሆነ ሁለት መንደሮች ይከራከሩበታል፣ ሁለቱም ግን ኤሴክስ ውስጥ ናቸው፣ የድሮው የቢርትኖት አውራጃ። ውጊያው መሀል ላይ ኤድሪክ የሚባለው የመርሺያ ኤልደርማን የራሱን ሰዎች ይዞ ሸሸ፣ ሰልፉ ተከፈተ፣ ከእንግሊዝ መኳንንት ብዙው እዛ አለቀ። በኅዳር መጨረሻ ኤድመንድ ሞተና ክኑት ብቻውን ነገሠ። በ1018 ከአገሪቷ 72,000 ፓውንድ፣ ከለንደን ብቻ ለብቻው 10,500 ሰበሰበ፣ ኤድሪክን ደሞ ከዛ በፊት በ1017 ለንደን ውስጥ አስገድሎት ነበር።